ስድስት ኩንታል ጤፍ

የእኔዋ ቢኤምደብሊው ኤም 5 የ2001 ሞዴል ናት። ኢ39 የሚሏት። 4.9 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 400 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል። ተርቦ የላትም። ፍራንክፈርት ከገባሁ ጀምሮ ስመኛት ኖሬ የዛሬ ስምንት ዓመት ገዛኋት። ባለቤቴ ትክክለኛ ዋጋዋን እስካሁን አታውቅም። ይህን ጽሑፍም ባታየው ደስ ይለኛል።

አብሮ አደጌ ደግሞ አዲሱን ኤም 5 ወሰደ፤ ሃይብሪዱን። "አንድ ሳምንት እንለዋወጥ" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍ ተቀያየርን።

4.4 ሊትር ቪ8 ነው፣ ሁለት ተርቦ አለው። ካምቢዮው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሞተር ተቀምጧል። በድምሩ 727 የፈረስ ጉልበት። ከዜሮ መቶ ለመግባት 3.5 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የእኔዋ 5.3 ትፈልጋለች። ያስደነገጠኝ ግን ክብደቱ ነው፦ 2,435 ኪሎ! ከእኔዋ ከስድስት መቶ ኪሎ በላይ ይከብዳል። ስድስት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ይህን በአይሱዙ ጭነህ ብትልክልኝ አይገርመኝም ነበር።

በኤ5 አውቶባን ወደ ዳርምሽታት ወጣሁና ረገጥኩት። ወንበሩ ዋጠኝ። ተርቦው እስኪነቃ ኤሌክትሪኩ ይገፋል፤ ክፍተት የሚባል የለም። ሁለት መቶን ማለፌን ያወቅኩት ቁጥሩን ሳይ ነው። እዚያ ላይ የእኔዋ አትወዳደርም፣ አልዋሽም።

ከሰዓት ታውኑስ ተራሮች ላይ ወጣሁ፣ ወደ ፌልድበርግ ጫፍ። ዳገቱን በረረበት። አራቱም ጎማዎች ይጎትታሉ፣ የኋላዎቹም ትንሽ ይታጠፋሉ፤ ሸክሙን ይደብቁልሃል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ግን ጤፉ መጣ። ይይዛል፣ ችግር የለውም። ግን የሆነ ትልቅ ነገር ከኋላዬ እየገፋኝ እንደሆነ ይሰማኛል። የእኔዋን እዚያው መንገድ ላይ ስነዳት የማስበው ስለ ኩርባው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። የእኔዋ አርፒኤም፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ሰሌዳ ላይ፣ ትንንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ያ ሳይሆን አትረገጥም። እንደ ቡና ናት፣ ሳትፈላ አትቀዳም። አዲሱ ውስጥ ድምፁ እንኳ በከፊል ከስፒከር ነው የሚመጣው። ለነገሩ እሱ ቫኖስ፣ የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለውን ክፍል፣ አላሠራኝም። የእኔዋ ዓምና ለቫኖስ ብቻ ሦስት ሺህ ዩሮ በልታለች፤ ዘይትም ትጠጣለች።

እሁድ ሌሊት ለቅዳሴ ስወጣ ደግሞ ጉድ አየሁ። የእኔዋ በብርድ ስትነሳ ሕንጻው ሙሉ ይነቃል። ከታች ያሉት ጀርመናዊት እናት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ በሬ ሥር አስገብተውልኛል። አዲሱ በኤሌክትሪክ ብቻ ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ እንደ ድመት ሹልክ ብሎ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ አንድ ጠብታ ቤንዚን አላቃጠልኩም።

ማክሰኞ አብሮ አደጌ ደወለ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፍሪሲዮን ጉልበቴን ጨረሰው!"

"ቻለው፣ እስከ ቅዳሜ ነው" አልኩት።

ሐሙስ ሴትዮዋ ደረጃ ላይ አገኙኝ። ፊታቸው ፈክቷል። "መኪናህን ሸጥካት እንዴ?"

"የለም፣ ጓደኛዬ ጋ ናት። ቅዳሜ ትመለሳለች።"

"ለእሁድ ትደርሳለቻ" አሉ።