ከዱክ ጎዳና እስከ አንቲተም

ዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ያለው ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ቤት ከውጭ ሲያዩት የጠበቃ ቢሮ ይመስላል። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ በእግር ቢያስኬድ አሥር ደቂቃ ነው። የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሐበሻ የሞላባት ከተማ ናት፤ በዚህ በር አጠገብ በየቀኑ የሚያልፈው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ከ1828 እስከ 1836 ድረስ እዚህ ቤት ውስጥ ይሸጥና ይገዛ የነበረው ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቶቹ አይዛክ ፍራንክሊንና ጆን አርምፊልድ ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር። አርምፊልድ እዚህ ተቀምጦ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ባለርስቶች ይገዛል፤ ፍራንክሊን ታች ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ሆኖ ይሸጣል። ከቤቱ ጀርባ በረጅም ግንብ የታጠረ ግቢ ነበር፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ይታጎራሉ። ከፊሎቹ በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጫናሉ። የቀሩት ወደ ሚሲሲፒዋ ናቼዝ በእግራቸው ይነዳሉ፤ ወንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በእጅ ካቴና ይቆራኙና ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ሰንሰለት ይያያዛቸዋል። መንገዱ ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ንግዱ በደራበት ጊዜ በዓመት ከሺህ ሰው በላይ በዚህ በር ወጥቷል። ዛሬ ቤቱ የከተማው ሙዚየም ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ በሳምንቱ ሁሉም ቀን ስለማይከፈት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይሻላል።

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ለመረዳት ጉዞዬን ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከዚህ ቤት የጀመርኩት፣ ሰሜንና ደቡብን ያዋጋው ጠብ እዚህ ስለሚገባ ነው። ከባሕር ማዶ ሰው ማስገባት ከ1808 ጀምሮ ተከልክሏል። የቨርጂኒያ መሬት ደግሞ ትምባሆ ሲያፈራ ኖሮ ደክሟል፤ ጌቶቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሰው ይዘዋል። በ1793 የጥጥ መፈልቀቂያ ማሽን ከተሠራ ወዲህ ግን ደቡብ ምዕራቡ በጥጥ ተሸፈነና ጉልበት ፈላጊው በዛ። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ ላይ የታሰረ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ወደ ምዕራብ አዲስ የጥጥ መሬት እስከተከፈተ ድረስ ነው። «ባርነት ባለበት ይቆይ፣ ወደ አዲስ ግዛት ግን አይግባ» የሚለው የሰሜኖች ቃል ለዘብ ያለ ቢመስልም፣ ጥጥ የማያበቅለውን የቨርጂኒያ ባለርስት ሳይቀር ከኪሱ ይነካው ነበር። ቀረጥም አጣልቷቸዋል፤ በ1832 ሳውዝ ካሮላይና የፌዴራሉን የቀረጥ ሕግ አልቀበልም ብላ በዓመቱ ተደራድረው ታረቁ። በዚህኛው ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቢሸማገሉም አልሆነም።

የጥጡ ነገር እኛም ዘንድ ደርሷል። ጦርነቱ የደቡብን ጥጥ ከገበያ ሲያጠፋው የግብፅ ጥጥ ዋጋ ናረ። የግብፁ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ኋላ ከሁለቱም ወገን መኮንኖች ቀጠረ። አንዱ የደቡቡ ጄኔራል ሎሪንግ ነው፤ በ1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ጦር የተመታው የግብፅ ሠራዊት ኤታማዦር ሹም እሱ ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ነው። ማለዳ መውጣት ነው የሚያዋጣው፤ 270 አውራ ጎዳና ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ያስመርራል። የዛሬው ማዘጋጃ ቤት ባለበት አደባባይ የጥንቱ ፍርድ ቤት ነበር። በ1819 ጄከብ ግሩበር የሚባል የሜቶዲስት ሰባኪ በባርነት ላይ በመስበኩ እዚህ ሲከሰስ፣ ጠበቃው ሮጀር ቴኒ ባርነት የአገራችን ገጽታ ላይ ያለ እድፍ ነው ብሎ ተከራክሮ አስፈታው። ያው ሰው በ1857 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆኖ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ፈረደ። ስኮት ባርነት በተከለከለበት በኢሊኖይና በዊስኮንሲን ግዛት ኖሬአለሁና ነፃ ነኝ ነበር ያለው። ፍርዱ፣ ሰባት ለሁለት፣ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ፤ ኮንግረስም በአዲሶቹ ግዛቶች ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም ብሎ ጨመረበት። የምዕራቡን ግዛት በ1820 በ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ የኬክሮስ መስመር ባርነት ወደሚፈቀድበትና ወደሚከለከልበት የከፈለው ስምምነት ሕገ ወጥ ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በምክር ቤት የሚሸማገሉበት ጉዳይ አልቀረም። የቴኒ ሐውልት ከአደባባዩ በ2017 ተነስቷል፤ መቃብሩ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

ጦርነቱ የክፍለ ግዛቶች መብት ጉዳይ ነበር የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። የ1850ውን የኮብላይ ባሪያ ሕግ አይቶ እንዲህ ማለት ይከብዳል። ተጠርጣሪው በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም፣ ዳኝነቱ በሸንጎ አይታይም፤ ያስጠለለ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፣ እስከ ስድስት ወርም ይታሰራል። ጉዳዩን የሚያየው ሹም «ይመለስ» ካለ 10 ዶላር፣ «ነፃ ነው» ካለ 5 ዶላር ይከፈለዋል። ደቡብ የፈለገው የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜን ግዛቶች ላይ እጁን እንዲያስረዝም ነበር። ሳውዝ ካሮላይና በታኅሣሥ 1860 ስትገነጠል ያወጣችው መግለጫም ሰሜኖቹ ኮብላዮችን አልመለሱልንም ብሎ በግልጽ ይከስሳል።

ከፍሬድሪክ በ340 መንገድ ሃርፐርስ ፌሪ ግማሽ ሰዓት ነው። ታችኛው መንደር መኪና ማቆሚያ የለም ቢባል ይቀላል፤ ኮረብታው ላይ በጎብኚዎች ማዕከል አቁሞ በአውቶቡስ መውረድ ነው። ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ቆመው ዙሪያውን ሲያዩ ባሪያዎችን አስታጥቆ ለማስነሣት የመጣው የነጩ የባርነት ተቃዋሚ የጆን ብራውን ሐሳብ ለምን እንደከሸፈ ይገባል። ሁለት ወንዝ፣ ከማዶ ገደል፣ መውጫው ድልድይ። ጥቅምት 16 ቀን 1859 ማታ ከ21 ተከታዮቹ ጋር የመንግሥቱን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያዘ፤ ሦስቱ ግን ከወንዙ ማዶ ዕቃ ጠባቂ ሆነው ቀርተው ነበር። ጠመንጃ ለማያውቁ ሰዎች ብሎ 950 ጦር አሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን በአካባቢው ላሉት ባሪያዎች ቀድሞ አልተነገራቸውም። ሌሊት ያስቆመውን ባቡርም መልሶ ለቀቀው፤ ባቡሩ ፍሬድሪክ አጠገብ ሞኖካሲ ጣቢያ ሲደርስ ኃላፊው ለባቡር ኩባንያው አለቆች ቴሌግራም መታ። በነጋታው የአካባቢው ሚሊሺያ ድልድዮቹን ዘጋ። በ18ኛው ቀን ጧት በኮሎኔል ሮበርት ሊ የሚታዘዙት የባሕር ኃይል ወታደሮች በመሰላል በሩን ሰብረው በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሱት።

ብራውን የመሸገበት የእሳት አደጋ መከላከያ ቤት ትንሽ ናት፤ ጡቧ እስከ ቺካጎ ድረስ ተወስዶ ተመልሷል፤ የጥንቱ ቦታዋም ዛሬ በባቡር ሐዲድ አፈር ተደፍኗል። ከእሷ ራቅ ሳይል የሄይዋርድ ሼፐርድ ድንጋይ አለ። ሼፐርድ በባቡር ጣቢያው ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ነፃ ጥቁር ነው፤ በብራውን ሰዎች ጥይት መጀመሪያ የወደቀው እሱ ሆነ። በ1931 የደቡብ ወታደሮች ዘሮች ማኅበራት ድንጋዩን ያቆሙለት እንደ ታማኝ አገልጋይ አድርገው ነው። ነፃ ሰው ነበር። ከሞቱ ይልቅ ይህ ጽሑፍ የበለጠ ያሳዝናል።

ብራውን ታኅሣሥ 2 ቀን ተሰቀለ። ሰሜን አንዳንድ ቦታ ደወል ተደወለለት፤ ደቡብም ደወሉን ሰምቶ ሰሜኖች ሁሉ ብራውን ናቸው አለ። በዓመቱ ሊንከን በአሥር የደቡብ ግዛቶች የምርጫ ወረቀት ላይ ስሙ ሳይኖር ተመረጠ። ሥልጣን እስኪይዝ እንኳ አልጠበቁትም፤ ሰባት ግዛቶች ወጡ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1861 ፎርት ሰምተር ላይ መድፍ ከተተኮሰ በኋላ አራት ተጨመሩ።

ከሃርፐርስ ፌሪ ሻርፕስበርግ በመኪና ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። መስከረም 17 ቀን 1862 አንቲተም ወንዝ ዳር በአንድ ቀን 23,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። የበቆሎው ማሳ አሁንም አለ፤ በጋሪ ጎማ ብዛት ከመሬት በታች የሰመጠው ጠባብ መንገድም አለ፤ ውስጡ ወርዶ መሄድ ይቻላል፣ ከጫፍ ጫፍ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ሊንከን የነፃነት አዋጁን ቀዳሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አዋጁ የሚመለከተው ያመፁትን ግዛቶች ብቻ ነበር። ሜሪላንድ አላመፀችም፤ ስለዚህ በዚህ ማሳ ዙሪያ እርሻዎች በባርነት የነበሩት ሰዎች ነፃ የወጡት ግዛቲቱ ሕገ መንግሥቷን በለወጠችበት በኅዳር 1 ቀን 1864 ነው፤ ሬሳው ከተነሣ ሁለት ዓመት አልፎ።