ባቡር ላይ ያደርኩባት ሌሊት የማን አገር ናት?

ከፓሪስ ቬኒስ በዚያ በሰማያዊው የድሮ ባቡር፣ በቬኒስ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ፣ ሄጄ መጣሁ። የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ነው። ሦስት ዓመት እቁብ ጥለንበታል። ትኬት መቁረጡ ቀላል ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

የምንኖረው እንግሊዝ ነው፤ ፓስፖርታችን ግን የኢትዮጵያ። ድሮ ጉዞው ከለንደን ይጀምር ነበር። ከብሬግዚት (እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች) በኋላ በድንበር ፍተሻው ምክንያት የእንግሊዙን በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 አስቀሩት። እስከ ፓሪስ ራሳችሁን ቻሉ ማለት ነው። የሸንገን ቪዛም አለ፤ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድ የሚያስገባው።

እቅዴ ፓሪስ 2 ሌሊት፣ ባቡር ላይ 1፣ ቬኒስ 2 ነበር። ሕጉ ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር አመልክቱ ይላል፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። ስለዚህ ፈረንሳይ። ፋይሌን ይዤ የፈረንሳይ ቪዛ ወደሚመለከትበት ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ቆጠረች።

"የአንድ ቀን ሆቴል ይጎድላል።"

"ባቡር ላይ ነው የምናድረው።"

"ይሄ የጉዞ ትኬት ነው። ማደሪያው የታለ?"

"አልጋው ባቡሩ ውስጥ ነው።"

"የት አገር?"

እኔ ምን አውቄ! ተኝቼ ነው የማልፈው። እራት ስንበላ አስተናጋጁ ሶፋውን አልጋ እንደሚያደርገው ሁሉ አስረዳኋት። ወይ ፍንክች። ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። ተጣደፍኩና እስካሁን የሚቆጨኝን ሥራ ሠራሁ። እዚያው ቆሜ፣ በስልኬ፣ ለዚያች ሌሊት ቬኒስ ሆቴል ያዝኩ። ኋላ እሰርዘዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ። አሳየኋት። እንደገና ቆጠረች።

"አሁን ጣሊያን 3 ሆነ። ማመልከት ያለብዎት እዚህ አይደለም።"

ያላችሁኝን እኮ ነው ያደረግኩት ብል ማን ይስማኝ። ቀጣዩን ጠራች።

ቀጠሮዬ ተቃጠለ። ሌላ ለማግኘት 5 ሳምንት ፈጀ። ባለቤቴ "በዚህ ገንዘብ ጎንደር ደርሰን በተመለስን" እያለች ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ አድር ነበር። በሁለተኛው ፓሪስን 3 ሌሊት አደረግኩት። ከባቡሩ ድርጅትም ስማችንና ቀኑ ያለበት፣ ማደሪያችን ባቡሩ ውስጥ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቪዛው የደረሰን ለጉዞው 4 ቀን ሲቀረው ነው።

ሕጉ ቢፈቅድም እኩል ሌሊት አትሞክሩ። አንዱን አገር በግልጽ አስበልጡ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ያኔውኑ ግቡ። የማታድሩበትን ሆቴል ደግሞ አትያዙ፣ እንደኔ ትዋረዳላችሁ።

ባቡሩስ? የመኝታ ፉርጎዎቹ እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹና የ30ዎቹ ናቸው። ቁጥር 3309 የሆነው በ1929 ቱርክ ውስጥ በረዶ ይዞት ቀናት ቆሟል። ማሞቂያው ዛሬም በድንጋይ ከሰል ነው። በተራው ክፍል ሻወር የለም፣ የእጅ መታጠቢያ ብቻ፤ ፓሪስ ታጥባችሁ ውጡ። ስለ አለባበስ "የቱንም ያህል ብትዘንጡ አይበዛም" ይሏችኋል። ባለቤቴ በሀበሻ ቀሚሷ ባሩን ጸጥ አሰኘችው። እኔ ግን የተከራየሁት ቶክሲዶ አንገቴን ሲያንቀኝ አመሸ። ደህና ሱፍ ካላችሁ ይበቃል።

ሌሊት ነቃሁ። ባቡሩ ጨለማ ውስጥ ቆሟል። ኮሪደር ወጥቼ አስተናጋጁን የት አገር ነን አልኩት።

"ስዊዘርላንድ" አለኝ።