ፈረሱ ዳማ ነበር

ለአራዳው ጊዮርጊስ ጃንጥላ ብቻ አልተሳልኩም። «ልጁን አትርፍልኝ እንጂ ሥራህን ለሰው እናገራለሁ» ብዬው ነበር። ጃንጥላው ለሚያዝያ 23 ንግሥ ገብቷል። የቀረው ይኼ ነው።

ሰፈራችን ፒያሳ ነበር፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ሳይፈርስ በፊት። እኔና የአክስቴ ልጅ ሳይክል ነፍሳችን ነው። ያኔ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እንደዛሬው የብስክሌት መንገድ አልተሠራም፤ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋን ነው ያደግነው። አንድ ቀን መንዝ ጓሳ ድረስ በሳይክል እንሂድ ተባባልን። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ «አደራ፣ አደራህን» አለችኝ። እናት አደራ ስትል ቃሉ ይከብዳል።

በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖ፣ በጫጫ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከሸኖ በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣብን። ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር፤ የሸኖን ቅቤ እያሸተቱ ማለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በማግስቱ እረፍት አደረግን። አዲስ አበባም ደጋ ናት ይባላል፤ ደብረ ብርሃን ግን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከዚያ በላይ ከመውጣታችን በፊት ሳንባችንም እግራችንም ትንሽ ይልመድ ብለን ነው። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት በከንቱ አይደለም። ጠዋት ሥላሴን ተሳለምን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን የቆረቆሩበትን ታሪክ አንድ ሽማግሌ ሲያወሩ ፀሐይ እየሞቅን ሰማን። ከሰዓት ገበያ ወጣንና ልጁ ለእናቱ ባና ካልገዛሁ አለ። የመንዝ በግ ፀጉር ባና ታውቃላችሁ? ይኮሰኩሳል፣ ይከብዳል። «ዳገት ልንወጣ ነው እኮ፣ ስንመለስ ትገዛለህ» ብለው አልሰማኝም። በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ሳይክሉ ላይ አሰረው።

ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ዋሻው ሳይደረስ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ነው ወደ መንዝ የሚወስደው። ከታጠፍን በኋላ ጉም ዋጠን። ቀጥሎ የበልግ ዝናብ መጣ፣ ከዝናቡ ጋር በረዶ። ዳገቱ ላይ አልቦን ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ያ ሁሉ ላብ ከዝናቡ ጋር ሰውነታችን ላይ ቀዘቀዘ። ጣቴ ፍሬን አልጨብጥ አለኝ። ልጁ ከኋላዬ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ዞር ስል ቆሟል። መንቀጥቀጡን ትቷል። የጃኬቱን ዚፕ ሊዘጋ ይሞክራል፤ ጣቱ ዚፑን አያገኘውም። «ትንሽ ልተኛ» አለኝ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ እንደሰከረ ሰው። የሰውነት ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ መንቀጥቀጡ እንደሚቆም፣ የሚያስፈራውም እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ብርዱ አእምሮን ሲያደነዝዘው ነው ሰው የሚያሸልበው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ቤት አይታይም፣ መኪና አያልፍም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ «ፈጥኖ ደራሹ፣ የት አለህ? ለእናቱ ምን ብዬ እመለሳለሁ?» አልኩ። ጸሎት አይባልም፤ ጩኸት ነው። ስለቱንም እዚያው ተሳልኩ።

የኮቴ ድምፅ ሰማሁ። ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው በፈረስ ወጣ።

ነጭ ፈረስ ነበር ብል ታሪኩ እንዴት ባማረ! ግን ምስክርነት ነውና፣ ፈረሱ ዳማ ነው። ጋላቢውም ጋቢ የደረቡ፣ የጎማ ጫማ ያደረጉ የመንዝ ገበሬ ናቸው። አክስቴ ለሰው ስታወራ ነጭ ታደርገዋለች፤ አላርማትም። ሰውየው ሁልጊዜ በአቋራጭ ነው የሚሄዱት። ያን ቀን ወንዙ ስለሞላ በዋናው መንገድ ዞሩ። ማን እንዳዞራቸው እኔ አውቃለሁ።

ብዙም አልጠየቁኝ። «አይዞህ ልጄ» ብለው ልጁን ፈረሱ ላይ አወጡት፤ እኔ ከጎን ደግፌ ያዝኩት። ቤታቸው ከጉብታው ጀርባ ነበር። የድንጋይ ቤት ነው፤ ቆሜበት ከነበረው ቦታ አንድ ጥሪ ያህል ቢርቅ ነው። ባለቤታቸው እርጥብ ልብሱን አስወለቁት። ካለን ዕቃ ሁሉ ያልረጠበው በፌስታል የተጠቀለለው ባና ብቻ ነበር። እሱን አለበስነውና አቅፌው ተቀመጥኩ። ሰውየው አረቄ አወጡ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ይኼ እንኳ ይቅርበት» አልኩ። አረቄ ቆዳን ያሞቃል፤ የውስጡን ሙቀት ግን አውጥቶ ይበትነዋል። የአጃ አጥሚት መጣለት፤ በማንኪያ፣ ቀስ እያልን።

እሳቱን የያዘችው ትንሿ ልጃቸው ነበረች። ኩበት እየሰበረች ትጨምራለች፣ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፣ ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት በክንዷ ትጠርጋለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ድንገት ጮኸች፦ «እማዬ! ይንቀጠቀጣል!» ደንግጣ ነው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ሰው ሲንቀጠቀጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ትከሻው ይዘላል፣ ምላሱም ተፈታ። «ባናውን እማዬ እንዳታይብኝ፣ አጥሚት አፈሰስኩበት» አለ።

እዚያው አደርን። በማግስቱም አላንቀሳቀሱንም፤ እንደገና እረፍት ሆነ። ጓሳ ቀረ። ሳይክሎቹን አይሱዙ ላይ ጭነን አዲስ አበባ ተመለስን።

ሰውየውን ገንዘብ ብሰጣቸው ተቆጡ። «ከተማ ስትገባ ለጊዮርጊስ ጧፍ አብራልኝ፣ የዚህችን ልጅ ነገር አደራ በለው፤ ተምራ እንድታልፍልኝ» አሉኝ። የክርስትና ስሟን በወረቀት ጽፌ ያዝኩ። ሰፈራችን ፈርሶ ራቅ ብለን ብንገባም ወር በገባ በ23 አራዳ ሄጄ አበራለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ስልክ እንደልብ አይገኝም። ትምህርቷም ተቋርጦባት ነበር። ባለፈው ኔትወርክ ሲገኝ አባቷን አገኘኋቸው። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። በጸሎታችሁ አስቧት።