ሦስት ቀን የሚለውን ከየት አመጣሁት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ አልቀው የእርሻ ማሳው በሚጀምርበት አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ ወደ ቤታቸው ለመሄድ የማይቸኩሉ ስድስት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስቤ ሙታን አስነሣ ነበር። ነገሩ የሚና ጨዋታ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ባለቤት ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መነሻ የሚባለው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያሳተሙት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሲሆን፣ ዕጣው የሚጣለው ባለ ሃያ ገጽ በሆነ ዳይስ ነው። እኛ ዳይሱ ስላልነበረን ከ1 እስከ 20 በማርከር የተጻፈባቸውን ሃያ የለስላሳ ቆርኪዎች አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተን እያንቋቋን እናወጣ ነበር።

ልጆቹን እዚህም በገጸ ባሕርያቸው ስም ልጥራቸው፤ ቀስተኛው፣ ባለ ጦሯ፣ ደብተራው እያልኩ። «አስማት ነው» የሚለው መልስ ያገለገለኝ ለአንድ ሐሙስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሐሙስ ከመቃብር የወጡ አጽሞች መንገድ ሲዘጉባቸው ደብተራው እጁን አወጣ፤ «ቲቸር፣ ጡንቻ የሌለው አጽም ክንዱን በምን ያነሣል? ማክሰኞ ዕለት አጥንትን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው ብለውን ነበር» አለኝ። ማክሰኞ ያልኩትን ሐሙስ ማፍረስ አልሆነልኝም። እውነት ለመናገር ደግሞ ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል፤ በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ስንት ዓመቴ ነው!

መልስ ፍለጋ ቤቴ ስገላብጥ አደርኩ። አጥንት ሲጫኑት ወይም ሲያጎብጡት ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚፈጥር ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ፉካዳና ያሱዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ አድርገዋል። ይህ እውነት ነው። እኔ በዚህ ላይ «ስለዚህ ከመቃብሩ ሥር ያለው ማግኔታዊ ድንጋይ ነገሩን ገልብጦ ለአጥንቱ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው፣ አጥንቱ ራሱ ይታጠፋል» የሚል አንድ መስመር ጨመርኩበት። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ከእውነቱ ጎን ሲቀመጥ ምንኛ አማረበት! ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋልቫኒ በኤሌክትሪክ ያንፈራገጠውን የሞተ እንቁራሪት እግርና የወንድሙ... አይደለም፣ የእኅቱ ልጅ አልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት የተቀጣን ሰው አስከሬን በኤሌክትሪክ መንጋጋውን እንዳንቀሳቀሰው ስነግራቸው ደግሞ አጽሙ በራሱ ተራመደ ማለት ይቻላል።

ዞምቢው ከአጽሙ ይልቅ አስቸግሮኛል። ሰው ከሞተ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰውነቱ የሚደርቀው፣ የጡንቻ ክሮች እርስ በርስ ከተያያዙበት ለመላቀቅ ኤቲፒ (የሕዋስን ጉልበት የሚሸከም ውህድ) ስለሚያስፈልጋቸውና የሞተ ሕዋስ ኤቲፒ ማምረት ስለሚያቆም ነው። እንግዲህ የሚሄድ ሬሳ ኤቲፒ ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ጉንዳንን ጠራሁ። ኦፊዮኮርዲሴፕስ የሚባለው ፈንገስ የጉንዳንን ሰውነት ወርሮ ከመንጋው ይነጥለዋል፣ ተክል ላይ ያወጣዋል፣ የቅጠሉን ሥር አስነክሶ እዚያው ይገድለዋል፣ በኋላም ዘሩን የሚበትን ዘንግ ከጭንቅላቱ ያበቅላል። ከዚህ ተነሥቼ «የመቃብር ሻጋታ» የሚባል ፈንገስ ፈጠርኩ፤ ለሬሳው ጡንቻ ኤቲፒ በቁጠባ የሚያድል፣ ስለዚህም ዞምቢውን የሚያንፏቅቅ እንጂ የማያስሮጥ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያወጡት የአድናቆት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። (የጨዋታው ካህን በጸሎት ሙታንን የሚያባርርበትን ችሎታ ግን በሳይንስ ላብራራ አልሞከርኩም። ወላጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ማኅበርተኞቼ ናቸው።)

ሦስተኛው ጉል ነበር፤ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ፣ ሬሳ የሚበላ፣ የሚናከስ ፍጡር። ለእርሱ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻ ይገባል፣ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ይደርሳል፣ ከአንጎል ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል፣ ከዚያ በሌላ ንክሻ ይተላለፋል። የታመመው ሰው ሊጠጣ ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚኮማተር ውኃ ያስፈራዋል። ስለዚህ የእኛ ጉሎች ወንዝ አይሻገሩም ነበር፤ ቀስተኛው ሁለት ጊዜ ሕይወቱን ያተረፈው አቃቂን የመሰለ ወንዝ ውስጥ ዘሎ በመግባት ነው። ደንቡ ግን አንድ ነገር ጎደለው። የተነከሰ ገጸ ባሕርይ ወደ ጉልነት የሚለወጠው መቼ ነው? እውነተኛው በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር አድፍጦ ይቆያል፤ ጨዋታችን ግን 3 ወር የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። «በሦስት ቀን ውስጥ ካላተኮሰው ድኗል» ብዬ ወሰንኩ። ካልሲውን አንቋቁቼ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው በአጋማሽ ፈተና ነው። «የሕዋስን ጉልበት የሚያመርተው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከስድስቱ ሁለቱ «ማይቶኮንድሪያ፤ በሞተ ሕዋስ ግን የመቃብር ሻጋታ» ብለው ጻፉ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ሰርዤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። መምህራን ክፍል ውስጥም እያነበብኩ ባልደረቦቼን አሣቅኩበት።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሐሙስ ቀስተኛው እያነከሰ መጣ። ተራው ደርሶ ቆርኪ ሊያወጣ ሲያጎነብስ የሱሪው ጫፍ ከፍ አለና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አራት ጠቆር ያሉ ነጥቦች አየሁ። ምን ሆነህ ነው ስለው ሳቅ አለ። ሰኞ ማታ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በብሎኩ ሥር የሚያድር ውሻ ነክሶታል፤ የግቢው ጥበቃ አረቄ አፍስሰውበታል፤ ለእናቱ እሾህ ወጋኝ ብሏል። ከዚያ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ፣ ቀን ቆጥሯል። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው ቲቸር፣ አላተኮሰኝም» አለኝ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባት መጀመር ሰውን ያተርፋል። ሦስቱ ቀን እርሱ እንዳሰበው የመዳኛ ገደብ ሳይሆን የባከነ ጊዜ ነበር። ወደ ግቢው ቧንቧ ወሰድኩት፤ እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያን ዕለት ደግሞ ተራችን አልነበረም። ከጥበቃው ጀሪካን ለምኜ፣ በቁራጭ የልብስ ሳሙና፣ የስልኬን ሰዓት ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ እግሩን አጠብኩት። እንደ መጀመሪያው ሰዓት እንደማይሆን ባውቅም፣ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። 15 ደቂቃ በክፍል ውስጥ ስናገረው አጭር ነው፤ ተንበርክኬ ሳሳልፈው ግን ልጁ «በቃ ቲቸር፣ ንጹሕ ሆነ እኮ» ያለኝ ገና በስድስተኛው ደቂቃ ነበር።

እናቱን ደውዬ ጠርቼ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለችን ባለሙያ ውሻው የት እንዳለ ጠየቀች፤ እናትየው ከማክሰኞ ወዲህ እንዳልታየ ከጥበቃው ሰምተው ነበር። ውሻው ቢገኝና 10 ቀን በጤና ቢቆይ ኖሮ ነገሩ ይቀል እንደነበር፣ ካልተገኘ ግን ክትባቱ ዛሬውኑ መጀመር እንዳለበት አስረዳችን። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«ሦስት ቀን ካለፈ ይድናል ብዬ ነው።»

«ሦስት ቀን የሚለውን ማነው የነገረህ?»

ልጁ ወለሉን አየ፤ እኔን ላለማጋለጥ ዝም አለ። ዝምታው ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ዘለቀኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። እናቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «እርስዎ? መምህሩ?» አሉ፣ ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። ባለሙያዋ መርፌውን ሰጥታ የሚመለስባቸውን ቀናት ካርዱ ላይ ጻፈችለት። ወደ ቤት ስመለስ የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመሪያ የተሰጠው ልጅ ትዝ አለኝ፤ ዮሴፍ ማይስተር፣ የ9 ዓመት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ፓስተር ዘንድ ሲደርስ ከተነከሰ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ዳነም። ይህን ታሪክ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ለራሴ መጽናኛ ደጋግሜ ነገርኩት።

በማግሥቱ ለርእሰ መምህራችን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ራሴ ነገርኳቸው። ጨዋታውን ይከለክላሉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን የቀስተኛውን የባዮሎጂ ደብተር አስመጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከፊት በኩል የእኔ የክፍል ማስታወሻ አለ፤ ከኋላ በኩል ደብተሩ ተገልብጦ የሐሙሱ ጨዋታ ተጽፎበታል፣ ያው እጅ፣ ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያው «መምህሩ እንዳሉት» የሚል መነሻ። ሁለቱ ጽሑፎች ከሁለት አቅጣጫ መጥተው መሐል ላይ ተገናኝተዋል። በመካከላቸው አንድ ባዶ ገጽ እንኳ አልቀረም። «መምህር፣ ይህ ልጅ የቱ ጋ እንደሚያቆም በምን ይወቅ?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስኮራበት የነበረው በዚሁ ነው። ሐሰቱ እንዳይታወቅ አድርጌ በእውነት መካከል መስፋቴን እንደ ጥበብ ቆጥሬዋለሁ፤ ስፌቱ ባልታየ መጠን ጨዋታው ያምራልና። ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንኳ ደንበኛው ቢጠይቀው ገልብጦ ያሳየዋል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ገልብጬ አላሳየኋቸውም።

ክትባቱ ተሟልቶ ቀስተኛው ወደ ወንበሩ ሲመለስ ጨዋታውን በሌላ መልክ ጀመርነው። አሁን ለእያንዳንዱ ፍጡር ማብራሪያ ስሰጥ ልጆቹ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እውነት ያሉትን በሰማያዊ፣ የፈጠርኩት ነው ያሉትን በቀይ ይጽፋሉ። ስፌቱን በትክክል ያገኘ በቀጣዩ ዕጣ ላይ 5 ነጥብ ይጨመርለታል። ማግኔታዊው ድንጋይ በሁለት ደቂቃ ወደቀ። የመቃብሩ ሻጋታ ትንሽ ከረመ፤ ሦስቱ ቀን ሲነበብ ግን ሁሉም ቀይ እስክሪብቶ አነሡ፣ ማንም አልሣቀም።

ባለፈው ሐሙስ የመጣው ቫምፓየር ነበር። የመቃብር ሳጥን ሲከፈት ጥፍሩና ጠጉሩ ረዝሞ መገኘቱን ተረኩላቸውና፣ «ይህኛው እንኳ በሰማያዊ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ ጥፍሩ ለጥቂት ጊዜ ማደጉን አይተወውም» አልኳቸው። ለዓመታት ያመንኩት፣ በክፍልም ደጋግሜ የተናገርኩት ነገር ነው። ባለ ጦሯ ግን እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

«ቲቸር፣ ጥፍር እንዲያድግ ሕዋስ መከፋፈል የለበትም?»

«አለበት።»

«ለመከፋፈል ጉልበት አያስፈልገውም? ዞምቢው ጊዜ ኤቲፒ አልቋል ብለውን ነበር እኮ።»

ካልሲውን አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ልጆቹ ከበቡኝና አብረን አነበብነው፤ የሚያድገው ጥፍሩ ሳይሆን፣ ቆዳው ደርቆ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው ጥፍሩ የረዘመ የሚመስለው። ባለ ጦሯ እጇን ዘረጋች፣ እኔም ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠኋት።