ጅሬን ዳገት ላይ የቆመችው ሳይክሌ

አሮጌ የኤሌክትሪክ ሳይክል የገዛሁት በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከለው በዚያው ዓመት ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ መኪና የሚባል ነገር አላስብም። ግን በቀን ሁለቴ ባጃጅ መጠበቅ፣ በዚያ ላይ በጅማ ዝናብ፣ በጣም ሰልችቶኝ ነበር።

ሻጩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ሁለት ዓመት ነዳኋት፣ ምንም አትልም» አሉኝ። 42,000 ጠየቁ፣ 38,000 ብር ላይ ተስማማን። እዚያው ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ሜዳው ላይ ሁለት ዙር ሞከርኳት። ትበራለች! መሪው ላይ ያሉት አራቱ የቻርጅ መብራቶች በርተዋል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደስታዬን ልወጣ ወደ ጅሬን ነዳሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ጅማን የሚያውቅ ዳገቱን ያውቀዋል። ገና ዳገቱን ስጀምር አራቱ መብራት ሁለት ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አንድ። ከዚያ ድርግም። ወርጄ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ አርፌ ሳበራት አራቱም መብራት ተመልሶ መጣ! ጋዝ ስሰጥ (ቤንዚን የላትም፣ ግን ጋዝ ነው የምንለው) እንደገና ጠፋች። እየገፋሁ ተመለስኩ። ልጆች «ቲቸር፣ ቤንዚን አለቀ?» እያሉ ሸኙኝ።

ባጃጅ የሚጠግን አንድ ልጅ ጋ ወሰድኳት። መቀመጫዋን ከፍቶ አራት ባትሪ አሳየኝ። እያንዳንዳቸው 12 ቮልት፣ በአንድ መስመር ታስረው 48። በቮልት መለኪያ አንድ በአንድ ለካቸው፤ ሁሉም ከ12 በላይ ናቸው። «ታዲያ ምኗ ነው?» አልኩት። «ቆይ መምህር» አለና ፍሬን ይዤ ጋዝ እንድሰጥ አደረገኝ። ሦስቱ 11 ምናምን ላይ ቆሙ። አንዷ ዘጭ ብላ 8 ገባች። ድምሩ 42 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ባትሪውን ለማዳን ራሱ ያጠፋዋል።

«ያለቀ ባትሪ ሲያርፍ ጤነኛ ይመስላል» አለኝ። ሻጩ እያወቁ ነው የሸወዱኝ ማለት አልችልም። ምናልባት እሳቸውም ሜዳ ላይ ብቻ ይሆናል የነዱት።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ግን የማንም ሳይሆን የራሴ ነው። ልጁ «አራቱንም ቀይር» ሲለኝ ብር ልቆጥብ ብዬ የሞተችውን አንዷን ብቻ በ6,500 ቀየርኩ። አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር በአንድ መስመር ሲታሰር እኩል አይሠሩም። ቻርጅ ሲደረግ አንዱ ቀድሞ ይሞላል፣ ሲነዳ ሌላው ቀድሞ ባዶ ይሆናል። በሦስት ወር ውስጥ አሮጌዎቹ ተራ በተራ ወደቁ፣ አዲሷንም ይዘዋት ሄዱ። መጨረሻ ላይ አራቱንም በ26,000 ገዛሁ። ደምሩት፤ የ38,000 ብሯ ሳይክል 70,500 ገባች። ባለቤቴ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሏ ታውቀዋለች።

አሁን አሮጌ ሳይክል ሊገዛ ለሚያማክረኝ ሰው የምለው አንድ ነው፦ ባትሪውን ዜሮ ብለህ አስብ። የአዲስ ባትሪ ዋጋ ገበያ ላይ ጠይቅ፣ ከተጠራው ዋጋ ቀንስ፣ የቀረው የሳይክሏ ዋጋ ነው። የእኔዎቹ ዓይነት የእርሳስ ባትሪዎች ሞልቶ መጨረስን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ነው የሚችሉት። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ሁለት ዓመት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባዶውን ተቀምጦ የከረመ ደግሞ ሳይነዳም ይሞታል። «ብዙ አልተነዳችም፣ ቤት ነው የቆመችው» ሲባል ደስ አይበላችሁ። ሊቲየም ከሆነ ይረዝማል፣ ይቀላልም፤ የእኔ አራት ባትሪዎች ብቻ 27 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ እኔ ደግሞ የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ። ግን የሊቲየሙ ማቀፊያ ለዚያች ሳይክል ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ሲሞት ምትክ የምታገኙበትን አስቀድማችሁ እወቁ።

ከባትሪው ውጭ ብዙም አልከፋኝም። ሞተሩ ኋላ ጎማው ውስጥ ነው፣ እየተፋተገ የሚያልቅ ካርቦን የለውም፣ አንድ ቀን ችግር አልፈጠረም። ያስቸገረኝ ውሃ ነው። ሐምሌ ላይ ሳይክሏ እንደ ግትር በቅሎ እየተንገጫገጨች አልሄድ አለች። የሞተሩ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚገናኙበት ሶኬት ውሃ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል። ልጁ ቆርጦ በየደው፣ በላስቲክ ጠቀለለው፣ በ300 ብር ተገላገልኩ። የፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ ክብደቷ ነው። በልኳ የጎማ ካላማዳሪያ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንዴ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥቻለሁ።

ዘንድሮ ሸጥኳት። ባትሪዎቹን የቀየርኩበትን ቀን እያንዳንዳቸው ላይ በማርከር ጽፌ ነበር፣ ደረሰኙንም አላጣሁትም። ቢሆንም 50,000 ስል የሰማ ሁሉ ሳቀ። ያወጣሁትን ወጪ ማን ይከፍለኛል? የመጣው ገዥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሜዳ ላይ መሞከር ሲጀምር አስቆምኩት። «ጅሬን ድረስ ሂድና ተመለስ» አልኩት። መታወቂያውን አስቀምጦ ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በዝናብ ረጥቦ ተመለሰ። ሁለት መብራት በርቷል።

«ወጣች?»

«ወጣች። ግን ቲቸር፣ ሁለት መብራት ቀነሰች እኮ፣ 30,000 አድርገው።»

33,000 ላይ ተጨባበጥን። ሊሄድ ሲል ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቮልት መለኪያ አይቶ «እሱንም መርቅልኝ» አለኝ። እሱን እንኳ አልሰጠሁትም። አሁን ሊቲየም ያላት አንዲት ሳይክል አይቻለሁ።