አዲሱን የአየር ጠመንጃዬን በሦስተኛው ቀን ፈታሁት

ጠመንጃው ቤቴ የደረሰው ሐሙስ ማታ ነው። እሑድ ከሰዓት ቤዝመንት ውስጥ ተበታትኖ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ዋስትናውም በዚያው ሰዓት አበቃ።

የማወራው ስለ ባሩድ መሣሪያ አይደለም። በሞላና በፒስተን ስለሚሠራ የአየር ጠመንጃ ነው። አገር ቤት በዓል ሲደርስ መንገድ ዳር ኢላማ የሚያስተኩሱ ልጆች የሚይዙት ዓይነት፣ በርሜሉ ታጥፎ የሚቀባበለው። ልጅ ሆኜ የዓመት በዓል ሳንቲሜን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ቤት ስንገዛ ሚስቴ ቤዝመንቱን አይታ ልብስ ማጠቢያ አሰበች። እኔ በእርምጃ አሥር ሜትር ለካሁ።

የካውንቲውን ደንብ አጣራሁ። ከኢላማው ጀርባ ጥይት የሚይዝ የብረት ሣጥን አቆምኩ። መነጽር ገዛሁ። ከዚያ የበርሜሉ ቀዳዳ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጠመንጃ አዘዝኩ። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። አብዛኛው ጥፋት የእኔ ነውና ስሙን ማንሳት ነውር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስ አይልም ነበር። ሦስተኛዋ ጥይት እንደ ርችት ጮኸች። ከበርሜሉ ነጭ ጭስ ወጣ። ሚስቴ ከላይ ሆና “ምንድነው የሚቃጠለው?” አለች። በተኮስኩ ቁጥር ደግሞ ውስጡ “ድንንን” ይላል፣ ልክ እንደላላ የክራር ክር። አምስት ጥይት ተኩሼ ኢላማውን ሳየው ቀዳዳዎቹ የስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ቦታ ላይ ተበትነዋል። የፍጥነት መለኪያው አንዴ 231 ሜትር በሰከንድ ይላል፣ አንዴ 268።

ይሄኔ ነው ኢንተርኔት ውስጥ የገባሁት። አንዱ “ከፋብሪካ የወጣ ሁሉ ቱን መደረግ፣ መቃኘት አለበት” ይላል። ሌላው “የሞላ ጠመንጃ ሳይፈታ አይተኮስበትም” ይላል። እኔም አመንኩ። ክራር ከሱቅ ተገዝቶ ሳይቃኝ አይመታም አይደል? ጠመንጃም ይቃኝ።

ፈትታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞላው ጠመንጃው ሳይቀባበልም ቢሆን እንደተጨመቀ ነው የሚቀመጠው። የመጨረሻዋ ፒን ስትወጣ የሚይዘው ነገር ከሌለ ተወንጭፎ ጥርስ ያወልቃል። እኔ በእንጨት ሠራተኞች ማጥበቂያ ጥርቅም አድርጌ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ አላላሁት። እዚህ ላይ ብቻ ነው በዚያ እሑድ ብልህ የነበርኩት።

ውስጡን ሳየው ፋብሪካው በዘይት አልሰሰተም። ቡናማ ግራሶ እዚህም እዚያም ተለድፏል። ፒስተኑ የሚያልፍበት የቱቦው ስንጥቅ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነበር። አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። በደቃቅ ሞረድ አለሰለስኩት፣ እሱ ጥሩ ሥራ ነው። ከዚያ ግን የገዛሁትን ወፍራም የሚያጣብቅ ግራሶ ሞላው ላይ እንደ ቅቤ ለደፍኩት። የተረፈኝን ደግሞ ፒስተኑ ፊት ላይ ቀባሁት። ይባክናል ብዬ።

ገጥሜ ተኮስኩ። “ድንንን” ጠፋ። “ቡፍ” ብቻ። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ መለኪያውን አየሁ። 207። ቀጥሎ በጭስ ታጅቦ 271። ቀጥሎ 212። ኢላማው ላይ ያው የስኒ ማስቀመጫ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። ጋሼ ሶማሌ ተራ ሃያ ዓመት መካኒክ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ወሬውን ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

“ሮዳጁን ጨርሷል?”

“የምን ሮዳጅ?”

“አንተ ልጅ! አዲስ መኪና ገዝተህ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተህ ሳታላምደው የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ታወርዳለህ?”

ጭሱን ስነግራቸው ሳቁ። “ናፍጣ አድርገኸዋላ!” አሉ። ነገሩ እውነት ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ነዳጁ በዚያ ሙቀት ይነዳል። እዚህም ሞላው ፒስተኑን ሲወረውረው ከፊቱ ያለው አየር በአንዴ ታምቆ ይግላል። እዚያ ዘይት ካገኘ ያቃጥለዋል። ጩኸቱም፣ ጭሱም፣ የፍጥነቱ መዝለልም ከዚያ ነው። አዲስ ጠመንጃ የፋብሪካ ዘይቱን በጥቂት መቶ ተኩስ አቃጥሎ ይጨርስና ራሱ ይረጋጋል። እኔ ሊያልቅ የነበረውን ዘይት በገንዘቤ ጨመርኩበት።

ከዚያ ጋሼ ካቻቢቴ አምጣ አሉኝ። እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚይዙትን የፊት ብሎኖች ሞከሩ። ሁለቱም ግማሽ ዙር ዞሩላቸው። ምንም አላሉም፣ ካቻቢቴውን በእጄ አስቀመጡልኝ።

የሚቆጨኝ ይህ ነው። ብሎኖቹ ከፋብሪካ ላልተው መጥተው ይሁን፣ በተኩሱ ርግጫ ላልተው ይሁን፣ ወይ እኔ ስገጥም ሳላጠብቃቸው ቀርቼ፣ አሁን ማወቂያ የለኝም። ብሎኖቹን ሳልፈትሽ ፈታሁት። የነበረበትን ችግርና እኔ የጨመርኩበትን መለየት አልችልም።

ጠመንጃውን እንደገና ፈትቼ ግራሶውን በሙሉ ጠረግኩ። ሞላው ላይ ስስ አድርጌ፣ ፒስተኑ ፊት ላይ ምንም። ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ብቻ ጥቁሩን የሞሊብዲነም ቅባት በጣት ጫፍ ነካ ነካ። ብሎኖቹን በሰማያዊ የብሎን ሙጫ አጠበቅኩ። ፍጥነቱ ተስተካከለ። የስኒ ማስቀመጫው ግን ትንሽ ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

የቀረው አያያዜ ነበር። እኔ ጠመንጃ እንደ ወታደር ጨምድጄ ትከሻዬ ላይ አጠብቀዋለሁ፣ ፊቱን ደግሞ ጠንካራ ከረጢት ላይ አስደግፈዋለሁ። ለባሩድ ጠመንጃ ይሆን ይሆናል። የሞላ ጠመንጃ ግን ሁለት ጊዜ ይራገጣል። ከባዱ ፒስተን ወደ ፊት ሲሮጥ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይጎትተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥይቷ ገና በርሜሉ ውስጥ ናት። ዛሬ ጠበቅ፣ ነገ ላላ አድርጋችሁ ከያዛችሁት በየተኩሱ ሌላ ቦታ ትመታለች። መፍትሔው እንጨቱን በተዘረጋ መዳፍ ላይ ማስቀመጥና ጣት አለመጨበጥ ነው። እንዳሻው ይራገጥ፣ ግን ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ። ለሁለት ሳምንት እጄ እምቢ አለኝ። ጣቶቼ ሳላዛቸው ይጨብጣሉ። ከዚያ ለመደ፣ አምስቱ ጥይቶች ኳርተር ሳንቲም ሥር ገቡ።

መጀመሪያ ያሰርኩበት ቴሌስኮፕም ሦስት ሳምንት አልቆየም፣ ውስጡ የነበረው የማነጣጠሪያ መስቀል ተንቀጥቅጦ ላላ። ወደ ኋላ ብቻ ለሚራገጥ መሣሪያ የተሠራ ነበር። የሞላ ጠመንጃ ወደ ፊትም ስለሚጎትት ለእሱ የሚሆነውን ጠይቁ።

ከዓመት በኋላ የሚስቴ ወንድም ያንኑ ሞዴል ገዛ። እንዳትነካው አልኩት። በርሜሉን በጨርቅ አጸዳን፣ ብሎኖቹን አጠበቅን፣ ደብተር ከፈትን። የሁለታችንም ጥይት አንድ ዓይነት፣ 0.547 ግራም። ማታ ማታ ሃምሳ ተኩስ። በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ፍጥነቱ ከ229 እስከ 263 ይዋልል ነበር። ጭሱ 120ኛው ተኩስ አካባቢ ላይ ቆመ። 300 ላይ ከ236 እስከ 245። 500 ላይ ከ238 እስከ 243። የእኔ፣ ሁለቴ ተፈትቶ፣ ጣት ቆርጦ፣ ግራሶ በልቶ፣ ከ237 እስከ 242።

አዎ፣ የእኔ ሲቀባበል ይለሰልሳል። ድምፁም ያምራል። የእሱ አሁንም ትንሽ “ድንን” ይላል፣ ሞላው ውስጡ ላለው መሪ ዘንግ ትንሽ ስለሚሰፋ ነው። ኢላማው ላይ ግን ወረቀቶቹን ብትደባልቁ የማንን ማን እንደተኮሰው አትለዩም።

ለንደን ላለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፍጥነቱን ወደ ኃይል ቀይርልኝ አለ። 240 ሜትር በሰከንድ 15.75 ጁል ገደማ ይሆናል። እሱ ሳቀ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የአየር ጠመንጃ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 16.27 ጁል ድረስ ነው። ጠንከር ያለ ሞላ አስገብቶ ፍጥነቱን አምስት ሜትር በሰከንድ ብቻ ቢጨምር 16.4 ይደርሳል፣ ጠመንጃው በሕግ ፊት ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ስኮትላንድ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለደካማውም ፈቃድ ትጠይቃለች። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ባለ አምስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ የተጻፈችውን ኤፍ ፊደል እዩ። እሷ ያለችበት ጠመንጃ ጣሪያው 7.5 ጁል ነው። እዚያ አገር “ትንሽ ላጠንክረው” የሚባል ጨዋታ የለም።

መፈታት ያለበት አዲስ ጠመንጃ የለም እያልኩ አይደለም። ሲቀባበል አሸዋ እንደገባበት የሚፋጭ፣ ወይም የብረት ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ ለሻጩ ይመለስ፣ ዋስትና ከሌለው ይፈታ። ከ500 ተኩስ በኋላም ፍጥነቱ ከዋለለ መጀመሪያ በርሜሉ የሚታጠፍበት ቦታ ያለችውን ጎማ እዩ። ቁራጭ ሶፍት መጋጠሚያው ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ። ሶፍቱ ብድግ ካለ አየር እየሾለከ ነው። ጎማዋ ጥቂት ዶላር ናት፣ ሞላውን መንካት አያስፈልግም። የስፌት መኪና ዘይት አየር ማለፊያው ውስጥ ማንጠባጠብ ግን በፍጹም። ናፍጣውን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የሚስቴ ወንድም ጠመንጃውን ተሸክሞ መጣ። “ድንንን”ኑ ሰልችቶታል፣ እንደ እኔው ፈትቼ ዝም እንዳሰኝለት ይፈልጋል። ማጥበቂያውን አወጣሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፍኩ። ደብተሩን ስጠኝ አልኩት፣ ካለፈው ወር ወዲህ ያለውን ፍጥነት ልይ።

ቤት ረስቶታል። ጨርቁን አጠፍኩ፣ ቡና ጠጣንና ጠመንጃውን ይዞ ተመለሰ።