በሩን ዝጉትና አንብቡት

ሰሞኑን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዳግላስ አዳምስን «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ለሶስተኛ ጊዜ አነበብኩት፣ እና አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ሂችሃይከር ያው መንገድ ዳር ቆሞ ሊፍት እየጠየቀ የሚጓዝ ሰው ነው፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሊፍቱ የሚጠየቀው የህዋ መርከብ ነው። መጀመሪያ በማርች 1978 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ 4 በድራማ ተላለፈ፣ በ1979 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፣ ከዛ ተከታዮቹ መጡ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ታሪኩ ውስጥ ለሕይወት ትልቁ ጥያቄ መልስ ሆኖ ስለተሰጠው 42 እና የህዋ መንገደኛ ሁሌም ይያዝ ስለሚባለው ፎጣ ነው፣ እኔን ግን ሶስቴም የያዘኝ መጀመሪያው ላይ ያለው የቤት ማፍረስ ነገር ነው።

አርተር ዴንት የሚባል ተራ እንግሊዛዊ ሐሙስ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ደጁ ላይ ቢጫ ዶዘር ቆሟል። ማለፊያ መንገድ ሊሰራ ስለሆነ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ሰውየው የቤት ጋውኑን እንደለበሰ ወጥቶ ዶዘሩ ፊት ጭቃው ላይ ተጋደመ፣ አልነሳም አለ። የመጣው ኃላፊ ሚስተር ፕሮሰር ደግሞ ፕላኑ እኮ ዘጠኝ ወር ሙሉ ቢሮ ውስጥ ለህዝብ ክፍት ነበር፣ ያኔ ቅሬታህን ማቅረብ ነበረብህ ይለዋል። አርተርም አይ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ ይላል፣ ግን የት አየው? መብራት የሌለው ደረጃውም የጠፋ ምድር ቤት ውስጥ፣ ማንም የማይጠቀምበት ሽንት ቤት ውስጥ፣ የተቆለፈ የፋይል ካቢኔት የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ በሩ ላይ ደግሞ ነብር አለ ተጠንቀቁ የሚል ጽሁፍ ተለጥፎበት።

እዚህ ጋ ማንም ይስቃል፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ግን ትንሽ ገጾች እንዳለፉ ቮጎኖች የሚባሉት ከህዋ የመጡ ፍጡሮች ሰማዩን በመርከቦቻቸው ሞልተው ለዓለም ህዝብ በድምጽ ማጉያ ያስታውቃሉ፣ በጋላክሲው ውስጥ አዲስ ፈጣን መንገድ ስለሚያልፍ ምድር ትፈርሳለች፣ ስራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው መንጫጫት ሲጀምር ቮጎኑ ይቆጣል። ፕላኑና የማፍረሻ ትዕዛዙ አልፋ ሴንታውሪ ባለው ቢሮ 50 ዓመት ሙሉ ተለጥፎ ነበር፣ ያኔ መቃወም ትችሉ ነበር፣ አሁን ምን ያስገርማችኋል ይላል። አልፋ ሴንታውሪ ማለት እኮ ብርሃን ራሱ ከዛ ተነስቶ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ የሚፈጅበት ቦታ ነው! ሚስተር ፕሮሰርም ያው እዚሁ ምድር ላይ ነው ያለው፣ ለአርተር የሰጠው መልስ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ለራሱ ተመለሰለት።

አሁን ለምን ይሄን ያህል እንደነካኝ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አክስቴ የምትኖርበት ሰፈር በመልሶ ማልማት ይነሳል ተባለ። እሷ የሰማችው ከጎረቤት ነው፣ ሰምታ አብረን ወደ ቢሮው ስንሄድ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን አልፏል ተባልን። መቼ አስታወቃችሁ ስንል «ተለጥፏል እኮ» አለን እዛ የሚሰራው ልጅ። የት? ኮሪደሩ ላይ። ኮሪደሩን ሁለቴ ዞርኩት፣ የለም። በኋላ ነው የገባኝ፣ ማስታወቂያው የተለጠፈው ከመግቢያው በር ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ነው፣ በሩ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚውለው። ማለትም ወረቀቱን ማንበብ የምትችለው በሩ ሲዘጋ ነው፣ በሩ የሚዘጋው ደግሞ ቢሮው ሲዘጋ ነው። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁትና አየሁት፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሰማያዊ ማህተም፣ የላይኛው ጥግ ፕላስተሩ ለቆ ወደታች ጎንበስ ብሏል። ወረቀቱ ንጹህ ነጭ ነበር፣ ፀሐይም የሰው እጅም ስላልነካው ትናንት የተለጠፈ ነው የሚመስለው። የአክስቴ ስም አስራ ስንተኛው ላይ አለ፣ የአባቷ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ። ገና አንብቤ ሳልጨርስ ጥበቃው «በሩን ክፈተው፣ ባለጉዳይ ይገባል» አለኝ።

መናገር ያለብኝ ነገር፣ ያ ልጅ ክፉ አልነበረም። ለአክስቴ ወንበር ስቦ አስቀምጧታል፣ እማማ ብሎ ነው ያናገራት፣ ውሃም አምጥቶላታል። ግን ተለጥፏል ሲል ከልቡ ነበር፣ ለሱ መለጠፍና ማሳወቅ አንድ ናቸው፣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከወጣች የሱ ስራ አልቋል። አዳምስም የሚለው ይሄንኑ ነው። ቮጎኖች ክፉ አይደሉም ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቁጡ፣ ደረቅ፣ ለደንቡ ሟች፣ ስለሰው ግድ የሌላቸው ናቸው እንጂ። የገዛ አያታቸውን አውሬ ሊበላት ቢመጣ እንኳ በሶስት ኮፒ ተፈርሞ፣ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ ጠፍቶ፣ ተገኝቶ፣ እንደገና ጠፍቶ ትዕዛዝ ካልመጣ ጣታቸውን አያነሱም። ብዙ የህዋ ታሪክ ላይ ወራሪዎቹ ምድርን የሚፈልጉት ውሃዋን ወይ ወርቋን ብለው ነው፣ ቮጎኖቹ ግን ምንም አይፈልጉብንም፣ አይጠሉንምም፣ መስመሩ ላይ ስለሆንን ብቻ ነው። ሰው ጠላት ቢመጣበት ቢያንስ የሚለምነው ወይ የሚታገለው አካል አለው። ፋይል ይዞ የመጣን ሰው ምን ትለዋለህ?

ስልጣን ላይ ስላሉትም ብዙ አለው። ዛፎድ ቢብልብሮክስ የጋላክሲው ፕሬዝዳንት ነው፣ ሁለት ጭንቅላትና ሶስት እጅ ያለው፣ ስራው ስልጣን መያዝ ሳይሆን ሰው ስልጣን ማን ጋ እንዳለ እንዳያይ ዓይን መሳብ ነው፣ ከ10 ዓመት የስልጣን ዘመኑ ሁለቱን በማጭበርበር ታስሮ ስለነበር በስራው በጣም የተሳካለት ነው ይባላል። በ1984 የወጣው አራተኛው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ትልቅ መርከብ ለንደን ላይ ያርፍና ሮቦት ወርዶ እንሽላሊታችሁ ጋ ውሰዱኝ ይላል። የመጣበት ዓለም ዲሞክራሲ ነው፣ ህዝቡ ሰው ነው፣ መሪዎቹ እንሽላሊቶች ናቸው፣ ህዝቡ እንሽላሊቶቹን ይጠላል ግን በየምርጫው ይመርጣቸዋል። ለምን ሲባል ካልመረጥን መጥፎው እንሽላሊት ይገባላ! ብዙ ሰው የሚወደው ይሄን ክፍል ነው፣ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን የቮጎኑን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም እንሽላሊቱን ቢያንስ ታየዋለህ፣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት ግን አታየውም።

አክስቴ አሁን ከከተማው ዳር ነው የምትኖረው። ባለፈው እሁድ ቡና ስታፈላ ታሪኩን ነገርኳት፣ ከዶዘሩ ጀምሬ። ጭቃው ላይ ተኛ ስላት «ጎበዝ» አለች። ምድር ቤቱን፣ የጠፋውን ደረጃ፣ ካቢኔቱን በየተራ ስነግራት ጀበናውን ይዛ ቆማ ነበር የምትሰማው፣ ነብሩ ጋ ስደርስ አስቀመጠችው።

«ነብሩ እውነት ነበረ?» አለችኝ።

መጽሐፉ ላይ ጽሁፉ እንጂ ነብሩ አይታይም አልኳት።

«አይ ልጄ፣ ነብር የለም» አለች፣ «ሰው እንዳይገባ ነው የጻፉት።» ከዛ ሁለተኛውን ልትቀዳ ስኒዎቹን ሰበሰበች።